«ማኖ»፦ በየቦታው የምትገባዋ የስፓኒሽ ቃል

ሰላም፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬዋ ቃላችን «ማኖ» ናት። እጅ ማለት ነው።

ዮናስ፦ አጭር ናት፤ ግን የማትገባበት የለም። በተለይ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ ሳትሰሟት አትውሉም። እዚያ የእኛ ሰውና ስፓኒሽ ተናጋሪው የኤል ሳልቫዶር ሰው አንድ ኩሽና ውስጥ ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው።

ሰላም፦ መጀመሪያ ጾታዋን እንያዝ። በ«ኦ» የሚያልቅ የስፓኒሽ ስም አብዛኛውን ጊዜ ወንዴ ነው። ማኖ ግን ሴቴ ናት። «ኤል ማኖ» አይባልም፤ «ላ ማኖ» ነው። ሲበዛ «ላስ ማኖስ»።

ዮናስ፦ ለምን ከሌሎቹ ተለየች?

ሰላም፦ ከላቲኑ «ማኑስ» ነው የመጣችው። እሱም ሴቴ ነበር፤ ጾታው እንዳለ ተወረሰ። ቅጽሉም አብሮ ይሄዳል። ቀዝቃዛ እጆች ስትል «ማኖስ ፍሪያስ» እንጂ «ፍሪዮስ» አትልም።

ዮናስ፦ እሺ፣ ወደ አነጋገሩ እንግባ። ጀማሪ ቶሎ የሚያስፈልገው እገዛ መጠየቅ ነው። ስፔን ውስጥ «ሜ ኤቻስ ኡና ማኖ?» ይላሉ፤ ታግዘኛለህ? ነው። ላቲን አሜሪካ ላይ «ሜ ዳስ ኡና ማኖ?» ይበዛል።

ሰላም፦ እዚህ ጋ አማርኛችን ያደናግራል። «ዳር» መስጠት ነው። ቃል በቃል ከወሰድከው «እጅ ትሰጠኛለህ?» ሊሆን ነው። በእኛ ደግሞ እጅ የሚሰጠው የተሸነፈ ነው!

ዮናስ፦ «ኡና»ን በ«ላ» ስትቀይሪ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። «ዳር ላ ማኖ» ለሰላምታ መጨበጥ ነው። ልጅሽን መንገድ ስታሻግሪ «ዳሜ ላ ማኖ» ትይዋለሽ፤ እጅህን ስጠኝ።

ሰላም፦ ሜክሲኮዎች ግን እገዛ ሲፈልጉ «ኤቻሜ ላ ማኖ» ይላሉ። ስለዚህ «ላ»ን ብቻ ይዞ መሮጥ አይበቃም፤ ግሱንም መስማት ያስፈልጋል። እኔ ለተማሪ ሁሌ የምለው ይሄንን ነው፦ ማኖን ብቻዋን አትሸምድዱ፤ ከነግሷ ያዟት።

ዮናስ፦ እኔ በጣም የምወደው «ሜ ዱዌሌ ላ ማኖ»ን ነው። እጄን ያመኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ይቸገራል። ለእኛ ግን አሠራሩ የቤታችን ነው። «ያመኛል» ላይ ያለችው «ኝ» እና የእነሱ «ሜ» አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት።

ሰላም፦ ትክክል። የምንለያየው «የእኔ» የምትለዋ ላይ ነው። እኛ «እጄን» እንላለን። እነሱ የማን እንደሆነ ሳይጠቅሱ በደፈናው «ላ ማኖ» ነው የሚሉት። «ሜ ላቮ ላስ ማኖስ»፣ እጄን እታጠባለሁ። «ሚስ ማኖስ» ማለት አያስፈልግም። «ሜ» ካለች የማን እጅ እንደሆነ ታውቋል። ከአማርኛ የሚነሳ ሰው ይህቺን ቀድሞ ቢለምዳት ይሻለዋል።

ዮናስ፦ ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ምን ይላሉ?

ሰላም፦ «ኮን ላስ ማኖስ ኤን ላ ማሳ»። እጁ ሊጡ ውስጥ እያለ ተያዘ እንደ ማለት ነው። ጲላጦስ ግን የጋራችን ነው። አንድ ሰው «ሴ ላቮ ላስ ማኖስ» ከተባለ፣ ከኃላፊነቱ እጁን ታጠበ ማለት ነው።

ዮናስ፦ ሥራ ቦታም አትጠፋም። «ማኖ ዴ ኦብራ» የሰው ጉልበት ነው። ደረሰኝ ላይ ካየሃት የእጅ ዋጋ ናት፤ ጋራዥ የምንጠየቃት። ቀለም ቀቢ «ዶስ ማኖስ ዴ ፒንቱራ» ካለህ ልክ እንደኛው ሁለት እጅ ቀለም ነው።

ሰላም፦ «ዴ ሴጉንዳ ማኖ» ያገለገለ ዕቃ፣ «ኤቾ ኣ ማኖ» በእጅ የተሠራ። እነዚህ ቀላል ናቸው።

ዮናስ፦ ዜና ለሚከታተል «ማኖ ዱራ» አለች። ጠንካራ እጅ፤ ወንጀልን በኃይል መቆጣጠር። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ፕሬዚዳንት ፍራንሲስኮ ፍሎሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 በወሮበላ ቡድኖች ላይ ያወጁት እቅድ ስሙ ይሄው ነበር። ከኤል ሳልቫዶር ሰው ጋር ስታወራ ቃሉ ከባድ ትዝታ ሊቀሰቅስ ይችላል። እንደ ቀላል ወሬ ባታነሳው ጥሩ ነው።

ሰላም፦ ኳስ ወዳዶች ደግሞ «ማኒታ»ን ሳታውቋት አትቀሩም። ትንሿ እጅ። አምስት ጣት፣ አምስት ጎል።

ዮናስ፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2010፣ ካምፕ ኑ! ባርሴሎና ሪያል ማድሪድን 5 ለ 0። የባርሴሎናው ተከላካይ ፒኬ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ያሳየው ማኒታን ነው።

ሰላም፦ አርጀንቲናዊው ማራዶና በእጁ ያገባት ጎልም አለች፤ «ላ ማኖ ዴ ዲዮስ»፣ የእግዜር እጅ። የእ.ኤ.አ. 1986 የዓለም ዋንጫ፣ ሜክሲኮ፣ አዝቴካ ስታዲየም፣ እንግሊዝ ላይ። ኳስ እጅ ሲነካ ዛሬም ተመልካቹ «ማኖ!» ብሎ ይጮኻል።

ዮናስ፦ «ማኒታ» ስትይ፣ «ማኒቶ»ም እሰማለሁ። የቱ ነው ልክ?

ሰላም፦ ሁለቱም። ስፔንና ሜክሲኮ «ላ ማኒታ» ይላሉ፤ አብዛኛው ላቲን አሜሪካ «ላ ማኒቶ»። ሁለቱም ሴቴ ናቸው።

ዮናስ፦ ሜክሲካዊ ባልደረባዬ «ኦዬ፣ ማኖ» ካለኝስ?

ሰላም፦ ያኔ ስለ እጅህ አይደለም። ከ«ኤርማኖ» የተቆረጠች ናት፤ ወንድሜ እያለህ ነው። ለሴት «ማና» ይላሉ።

ዮናስ፦ በሉ፣ ሳምንት «ኩዌንታ»ን ይዘን እንመጣለን። ደህና ሁኑ።