«ክሬይፊሽ» ዓሣ ነው እንዴ?

[ምስል፦ ፒያሳ፣ የምሳ ሰዓት]

ሰላም ነው? በቀደም እዚሁ ፒያሳ ምሳ ልንበላ ገባን። ጓደኛዬ ሜኑው ላይ «ክሬይፊሽ» የሚል አይታ፣ ዓሣ ነው ብላ አዘዘች። የመጣው ግን ቀይ፣ ባለ መቆንጠጫ፣ ጺሙ የተንዠረገገ ጉድ ነው። አስተናጋጁን ጠራችው። «ስሙ ላይ ፊሽ ይላል እኮ» አላት።

እውነቱን ነው፣ ይላል። የዋሸው ስሙ ነው።

[ምስል፦ ቃሉ እየተቀያየረ]

እንግሊዞች ቃሉን የወሰዱት ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ኤስክረቪስ» ከሚለው። አሳጥረው «ክረቪስ» አሉት። መጨረሻው ላይ ያለችው «ቪስ» ለጆሯቸው «ፊሽ» መሰለች። የሚኖረው ውኃ ውስጥ፤ ማን ይጠራጠር? በቃ፣ ዓሣ ሆኖ ቀረ።

እኛም ብንሆን ጆሯችን ቀላል አይደለም። ካዛንቺስን ውሰዱ። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራውን ድርጅት ባጭሩ «ኢንቺስ» ይሉት ነበር። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። የቀረውን አፋችን ጨረሰው።

ወደ ፍጥረቱ እንመለስ። ፈረንሳዮቹም ቃሉን ያገኙት ከጀርመን ቋንቋዎች ነው። ዛሬ በጀርመንኛ «ክሬብስ» ማለት ሸርጣንም ነው፣ የካንሰር በሽታም ነው። ግራ ይገባል አይደል? የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ናቸው እብጠቱን «ሸርጣን» ያሉት። ላቲኖች ያንኑ ተርጉመው «ካንከር» አሉ። እኛ ካንሰር የምንለው እሱን ነው። ሸርጣን የሚለው የራሳችን ቃል ደግሞ ከዐረብኛ ነው የመጣው፤ እዚያም ቃሉ እንስሳውም በሽታውም ነው። ኮከባችሁ ሸርጣን የሆነ፣ አትደንግጡ።

[ምስል፦ ወደ ኋላ ሲወነጨፍ]

ክሬይፊሽ ሲደነግጥ ጅራቱን አጥፎ ወደ ኋላ ይወነጨፋል። አሜሪካኖች ቃሉን ያጠፈን ሰው በዚህ ፍጥረት ስም ይጠሩታል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይሄንን ነው። እሱ ጅራት ያጥፋል፣ ሰው ቃል ያጥፋል።

ታዲያ በአማርኛ ለምን ስም የለውም? ከማዳጋስካር ደሴት በቀር አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ ስለሌለ ነዋ! ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ያለውም እ.ኤ.አ. በ1970 ሰው ያስገባው የአሜሪካ ዘር ነው። በእኛ ወንዞች ያለው ሸርጣን ነው።

ጓደኛዬ ግን ስም አውጥታለታለች፦ «ጅራታም ሸርጣን»። ጅራቱን በልታ ጭንቅላቱን ወደ እኔ ገፋችው።