በወር ስንት ቀን ራስሽን አያምሽም?

የተከበራችሁ አለቆቼ፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ለዓለም አቀፉ የሴቶች ቀን አደረሳችሁ።

ከሁሉ በፊት ከበላዬ ያለውን መብራት ስላጠፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ፊቴ በደንብ ላይታያችሁ ይችላል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህን ጽሑፍ አንብቤ ለመጨረስ ጨለምለም ያለ ቦታ ያስፈልገኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ በሂሳብ ክፍል ታውቁኛላችሁ። 11 ዓመት አብረን ሠርተናል። ከዚህ ውስጥ ሰባቱን ዓመት አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነው የኖርኩት። ማይግሬን የሚባል ከባድ የራስ ምታት ሕመም አለብኝ። አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው ሳይሆን፣ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሚሉት ዓይነት ነው።

ወር መዝጊያ ነው እንበል። ኤክሴል ከፍቼ እየደመርኩ ነው። 4,860 ከሚለው ቁጥር ላይ 8ቱን አጣዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥም የለም። በቦታው ትንሽ የሚርገበገብ ብርሃን አለ። ብርሃኑ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ይሄኔ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቀረኝ አውቃለሁ። ከዚያ ከግራ ዓይኔ በላይ ይጀምረኛል። ይፈልጠኛል። ደረጃ ስወጣ ይብሳል። የጎረቤቴ ሽቶ፣ የቡናው እጣን፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት፣ ምኑም ምኑም አይቻለኝም። ያስመልሰኛል። ብርሃኑን የሚያዩት ሁሉም የማይግሬን ታማሚዎች አይደሉም፤ ሕመሙ ግን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። ግንባሬን ከግድግዳው ሴራሚክ ጋር አጣብቄ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ሴራሚኩ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ሊፕስቲክ ተቀብቼ ወደ ስብሰባው ተመለስኩ። ማንም ምንም አላወቀም። ያኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉብዝና ነበር የማየው።

ቤተሰቦቼ ያላደረጉልኝ ነገር የለም። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ቀብታኛለች። ጎረቤቶቻችን ሳይነስ ነው አሉ፤ ለሳይነስ ብዬ የዋጥኩትን መድኃኒት ቁጥሩን አላስታውስም። ጸበልም ሄጃለሁ። ሁሉም ያደረጉት በፍቅር ነው፤ አንዱንም አልነቅፍም። በመጨረሻ ገንዘብ አጠራቅሜ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ውጤቱን ያነበበልኝ ሰው ደስ ብሎት «ንጹህ ነው፣ ምንም የለብሽም» አለኝ። ወጥቼ አለቀስኩ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። ማይግሬን እንደ ዕጢ በፎቶ የሚታይ ነገር አይደለም። ችግሩ ያለው በነርቮቹ አሠራር ላይ ነው። ከፊትና ከራስ ስሜት የሚቀበለው ትራይጀሚናል የሚባለው ነርቭ ሲነቃ ሲጂአርፒ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ሕመሙን የሚያባብሰው ይህ ነው። ይህን ለረጅም ዓመታት ያጠኑ አራት ሳይንቲስቶች፣ ስዊድናዊው ላርስ ኤድቪንሰን አንዱ ናቸው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ትልቁን የአንጎል ጥናት ሽልማት ተቀብለዋል። በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ይህ ሕመም አለበት። ሴቶችን ከወንዶች ሦስት እጥፍ ያህል ያጠቃል። ዛሬ በዚህ ቀን ላይ ይህን ማንሳቴ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ።

ፈቃድ ላለመጠየቅ ስል ክኒን እውጥ ነበር። ጠዋት ታክሲ ሳልይዝ ሁለት፣ ባያመኝም ሁለት። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ሰው በመጣ ቁጥር ትልቁን ብልቃጥ አይቡፕሮፌን ትልክልኝ ነበር። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። በየዓመቱ የሥራ ግምገማዬ ላይ «ከሥራ ቀርታ አታውቅም» ተብሎ ይጻፍልኛል። ሕመሙ ግን በየዓመቱ እየደጋገመኝ ሄደ።

በመጨረሻ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ስንት ቀን ያምሻል?» ብለው አልጠየቁኝም። «በወር ስንት ቀን ራስሽን አያምሽም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊ አሉኝ፤ ላመመኝ ቀን ቀይ፣ ክኒን ለዋጥኩበት ሰማያዊ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ለመቁጠር ይመቻል። ሕክምናው ሥር የሰደደ ማይግሬን የሚለው ከሦስት ወር በላይ በየወሩ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስ ምታት ሲኖር፣ ከዚያም ቢያንስ 8ቱ ቀን የማይግሬን ጠባይ ሲያሳይ ነው። የወሩ እኩሌታ ማለት ነው። የእኔ ቀይ 19 ሆነ። ሰማያዊው 22።

ሐኪሙ ሰማያዊውን እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ አስረዱኝ። ማይግሬን ያለበት ሰው እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን ማስታገሻዎች በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት ሲወስድ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ለማይግሬን ተብለው የተሠሩት ትሪፕታኖች ደግሞ በ10 ቀን ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እናንተ ፊት ጤነኛ ለመምሰል የዋጥኩት ክኒን ሕመሜን አብሶታል። መደበቄ ነው ያሳመመኝ።

ክኒኑን በእሳቸው ክትትል አቆምኩ። ሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፤ ቀኖቹ ከባድ ነበሩ፣ ሲቆም መጀመሪያ ይብሳል። ማታ ማታ የምወስደው አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ። መድኃኒት ቤት ስገዛ ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ድብርት አለብሽ እንዴ?» አለኝ። ለድብርትም ይሰጣል፤ በአነስተኛ መጠን ደግሞ ማይግሬን ይከላከላል። ቶሎ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። አሁን ቀዩ ወደ 6 እና 7 ወርዷል። አልዳንኩም። ግን ሰው ሆኛለሁ። እባካችሁ ማንም በራሱ አይጀምር፣ በራሱም አያቁም። ድንገት ከዚህ በፊት አይታችሁ የማታውቁት ከባድ ራስ ምታት ቢመጣ፣ ወይም ከትኩሳት ወይም ከአንድ ወገን መዛል ጋር ቢሆን፣ ያ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ።

ስለ ጾምም ልናገር። ሆዴ ባዶ ሲውል ይነሣብኛል። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ማቆየት አልችልም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙም አላስወሩኝም፤ ጠዋት የጾም ምግብ እንድበላ ፈቀዱልኝ። በረመዳን የሚጾሙ እህቶቼም ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ያውቃሉ። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ሽሮ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ትልቁ የሐኪም ወረቀቱ ጉዳይ ነው። ለአንድ ቀን ፈቃድ ወረቀት ለማምጣት፣ እያስመለሰኝ፣ ነጭ መብራት ሥር ግማሽ ቀን ወረፋ መቀመጥ አለብኝ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕክምና ማስረጃ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ያው አዋጅ ግን የሕመም ፈቃድ በተከታታይ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ጊዜም ሊወሰድ እንደሚችል ይቀበላል፤ የመጀመሪያው ወር ደግሞ በሙሉ ደመወዝ ነው። እኔ የጠየቅሁት በዕለቱ በስልክ መልእክት እንዳሳውቅና ወረቀቱን ሲሻለኝ እንዳመጣ ነው። የሰው ኃይል ክፍላችን በዚህ ሳምንት ተስማምቷል። ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሌላው «ዛሬም?» የምትለዋ ቃል ናት። በክፋት እንደማትሏት አውቃለሁ። ግን ያቺን ቃል ላለመስማት ነው ለሰባት ዓመት ክኒን ስውጥ የኖርኩት። «አይዞሽ» ይበቃል።

የመጨረሻው የማረፊያ ክፍሉ ጉዳይ ነው። ከመዝገብ ቤቱ ጎን ያለችው መስኮት አልባ ክፍል፣ የድሮ ፋይል የነበረባት፣ ተጸድታለች። ፍራሹን ትናንት አስገብተናል፤ የበሩ መጋረጃ ሰኞ ይሰቀላል። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ይቀመጣል። ማይግሬን ይሁን፣ የወር አበባ ሕመም ይሁን፣ እርግዝና ይሁን፣ የሚወስደው ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

አመሰግናለሁ። አሁን መብራቱን ልታበሩት ትችላላችሁ፤ እኔ ወደ ኋላ ሄጄ እቀመጣለሁ።