ምሽት 2 ሰዓት ላይ ወለሉ የት ይገባል?

እሺ... መጣሁ። ሜትሩም አብሮኝ አለ፣ ሳቁ እንግዲህ። ዛሬ ሌላ ርዕስ ነበር የያዝኩት፤ የክሩዙ ካቢን ነገር፣ የመዝናኛ መርከብ ላይ ያለው መኝታ ክፍል ማለቴ ነው፣ ግን አልለቅ አለኝ። ባለፈው ባልኮኒ ያለው ይሻላል፣ መስኮት የሌለው ይሻላል እያልን ተከራከርን አይደል? እኔን የሚከነክነኝ ግን ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ነው።

ቀስ ብለን እንየው። መደበኛ ካቢን ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱም ቁም ሳጥኑም እዚያው ውስጥ ናቸው። ፕላኑን ስታዩት አልጋ፣ ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ መሃሉ ባዶ። ደስ ይላል። አሁን ምሽት 2 ሰዓት ሆነ። ድክ ድክ ሲል የዋለው ልጅ ዓይኑን ያሻል። አስተናጋጁ የሚታጠፈውን የሕፃን አልጋ አምጥቶ ይዘረጋል፤ 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ትንሽ ነው፣ አይደል? ቀጥሎ ለትልቁ ልጅ ሶፋው ይዘረጋል። በቃ! ወለል የለም። የሕፃኑ አልጋ ወይ የመታጠቢያ ቤቱን በር ይዘጋል፣ ወይ ቁም ሳጥኑን፣ ወይ የባልኮኒውን መውጫ። ፕላኑ ላይ ደግሞ የሕፃን አልጋ የሚባል ነገር አይሳልም። እሱ ነው የሚያበሽቀኝ። እናንተው ሳሉት፤ ሶፋው ተዘርግቶ፣ በሮቹ ተከፍተው፣ ያን 70 በ100 የት ታስገቡታላችሁ?

ከዚያ መብራት ይጠፋል። እናትና አባት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በስልክ ብርሃን ይተያያሉ። ገና 2 ሰዓት ተኩል ነው እኮ። ባልኮኒ ሁለተኛ ክፍል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ግን በሩን ክፍት ከተዋችሁት ብዙ መርከቦች ላይ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤ ከዘጋችሁት የልጁ ድምፅ አይሰማም። ቀን ላይ ደግሞ ወንበሮቹን ከባልኮኒው አጥር ማራቅ፣ የበሩን መቆለፊያ ደጋግሞ ማየት... መስኮት የሌለው ካቢን በበኩሉ እኩለ ቀንም ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ለቀን እንቅልፍ እንደሱ የለም። ሌሊት ግን የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ከፍ ያለ ስለሆነ እግር ይመታል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መብራት ያዙ። ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፣ በማግኔት መንጠቆ መጋረጃ ይሰቀልበታል። ዲዝኒ መርከቦች ላይ ብዙዎቹ ካቢኖች መጋረጃው አብሯቸው ይመጣል፤ ሌላው ከዚህ ቢማር ምን ነበረበት!

ወደ አልጋው ልመለስ። «መሃላችን ይተኛ» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ያ ትልቅ አልጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ነጠላ አልጋ ተገጥሞ ነው። እጃችሁን መገጣጠሚያው ላይ አድርጋችሁ በክብደታችሁ ጫኑት። ከላይ የተነጠፈው ስስ ፍራሽ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም፤ መርከብ ደግሞ ይወዛወዛል። በግድግዳና በፍራሽ መሃል ያለውም ያው ነው። ትንሽ ልጅ እዚያ ከገባ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ የራሱ አልጋ። በዚያ ላይ ተጨማሪ ፍራሽ አትደርቡበት፤ ጠርዙ ላይ ክፍተት ይፈጥራል፣ ልጁንም ከፍ አድርጎ ለመውጣት ያመቸዋል። ልክ የሆነ አንሶላ ብቻ ከቤት ያዙ። ብዙዎቹ የሚታጠፉ የሕፃን አልጋዎች እስከ 14 ኪሎና እስከ 89 ሳንቲ ሜትር ቁመት ነው የሚፈቅዱት፤ ልጁ ለመውጣት እግሩን ማንሳት ከጀመረ ግን ቁጥሩን እርሱት። ከዚያ በኋላ ምን ይሁን? ሶፋ አልጋና ልጁ እንዳይወድቅ ጎኑ ላይ የሚደረግ የመረብ መከላከያ... መከላከያው በሁሉም መርከብ አይገኝም። እዚህ ላይ አቋም የለኝም።

«ለ4 ሰው» የሚለውም አይሸውዳችሁ። ሦስተኛውና አራተኛው ከግድግዳ ወይ ከጣሪያ የሚወርድ አልጋ ከሆነ፣ ብዙ መርከቦች ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ አያስተኙበትም። በዚያ ላይ ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ቢተኛም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፤ የነፍስ አድን ጀልባው ላይ ቦታ ይይዛላ። ለሁለት የተባለ ካቢን ሦስተኛ አይቀበልም። የሕፃን አልጋው አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው፣ ብዛቱ ግን ውስን ነው፤ ካቢን ስትይዙ ጠይቁ፣ ማረጋገጫውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ቦታው? መሃል አካባቢ፣ ዝቅ ያለ ወለል፣ ከላይም ከታችም ካቢን ያለበት። ዋና ገንዳው ሥር ከሆናችሁ ማለዳ ወንበር ሲጎተት ትነቃላችሁ። አለቀ።

በሩ የሚያገናኛቸው ሁለት ካቢኖች ነገሩን ይፈታሉ ልል ነበር። ጎን ለጎን መሆን ብቻ አይበቃም፣ የመሃል በር አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ግን በሩ ሌሊት ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ከተከፈተ ትልቁ ሲነሳ ትንሹም ይነሳል። ከተዘጋ ደግሞ... ከባድ በር ነው፣ የጣት ነገር አለ። ፎጣ አጥፎ ጠርዙ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ያኔ በሩ አይገጥምም፣ ድምፁም ያልፋል፣ እና... እኔ እንጃ።