መጀመሪያ ቱቦውን ንቀሉ

እንደምን አላችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ እንጨት ሠራተኞችና ሶፋ ሠሪዎች! ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ለማጆች በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

በአየር የሚሠራው ሚስማር መምቻና ስቴፕለር ሥራችንን አቅልሎታል። ሰው ሲመታበት ይጠነቀቃል፤ ሚስማር ሲሞላ ግን ይዘናጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አየር የሚያምቀውን ማሽን፣ «ኮምፕሬሰሩን አጥፍቻለሁ» ማለት አይበቃም። ሞተሩ ቢቆምም ታንከሩና አየሩን ወደ መሣሪያው የሚያመጣው ቱቦ ውስጥ አየር አለ። ያ አየር ሚስማሩን ጣት ውስጥ ለመሰካት አያንስም። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦውን ከመሣሪያው ንቀሉ። ጣታችሁን ከቃታው አውጡ፣ አፉን ከሰው አዙሩ። ከዚያ ሚስማር የሚገባበትን መጫኛ ስባችሁ ሚስማሩን ሹሉ ወደ አፉ አድርጋችሁ ደርድሩ። የስቴፕሉም እግር እንደዚያው። ዓይነቱና ርዝመቱ መሣሪያው ላይ የተጻፈው ይሁን፤ ያልሆነውን ብትጭኑ ይቀረቀራል። መጫኛው ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ቱቦውን ሰኩ። የተቀረቀረ ስታወጡም እንዲሁ ነው፤ ቱቦው ሳይነቀል እጅ አይገባም።

አንዳንድ ሰው ለፍጥነት ብሎ አፉ ላይ ያለውን፣ እንጨት ሳይነካ እንዳይተፋ የሚከለክለውን መጠበቂያ በሽቦ ያስረዋል። እባካችሁ ተዉት! ብዙው የሶፋ ስቴፕለር ደግሞ መጠበቂያው ከነጭራሹ የለውም። ቃታው በተነካ ቁጥር ይተፋል። ቱቦው እንደተሰካ ለጓደኛ አይቀበሉትም፣ አይሰጡትም።

ባህር ዛፍ የምትመቱ፣ አንጓውን እዩ። ሚስማሩ አንጓ ካገኘ ይታጠፍና በጎን ይወጣል። የያዘው እጅ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ።

የአየሩ ግፊት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ባር ይበቃል፤ መሣሪያው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አትለፉ። መብራት ጠፋ ብላችሁ ከጎረቤት ብየዳ ቤት የኦክስጅን ሲሊንደር እንዳታገናኙ። ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

የወርክሾፕ ባለቤቶች፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። የጥር ሠርግና የዒድ ትዕዛዝ ሲደራረብ ልጆቹን አታዋክቧቸው። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግዙላቸው። የዓይን መነጽር ዋጋ ከአንድ ሶፋ ጨርቅ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። ቱቦው የተነቀለ ስቴፕለር አለ፤ ለማጆች ቀድማችሁ ሞክሩት።