ስካነር አልለምንም፤ መደበኛ በጀት እጠይቃለሁ

ክቡር ፕሬዝዳንታችን፣ የቦርድና የሴኔት አባላት፣ መምህራን፣ ተማሪዎቻችን፣ ከሐይቅና ከወረኢሉ ድረስ የመጣችሁ አባቶችና ሼሆች፤ ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም።

የተሰጠኝ ርዕስ ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስቦች፣ ማለትም በስካነር አንስተን በኮምፒውተር ስላስቀመጥናቸው የቆዩ መጻሕፍት የገንዘብ ምንጭ ነው። በቀጥታ ልግባበት። ዛሬ ስካነር ልለምን አልመጣሁም። ስካነር አለን። አንዱ እንዲያውም ከነካርቶኑ ተቀምጧል። የመጣሁት ስለ መደበኛ በጀት ልናገር ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ ሰሞን ተያዙ። ስንመለስ ምን እንደጠበቀን እዚህ ለተቀመጠ ሰው መንገር አያስፈልግም። የደሴ ሙዚየም ተዘርፎ ነበር። ቢሮዎች ባዶ ነበሩ። ያን ጊዜ በየስብሰባው «ዲጂታል ቢሆን ኖሮ» ያላለ ሰው አልነበረም። ገንዘብም ተገኘ፤ በፕሮጀክት። ዕቃ ተገዛ፣ ልጆች በኮንትራት ተቀጠሩ፣ ሥራው ተጀመረ።

ያን ሰሞን ነው አንድ ሼህ ከገጠር የመጡት። የአያታቸውን የመንዙማ ኪታብ ይዘው ነው። በዐጀሚ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው የኛው አማርኛ። በጦርነቱ ጊዜ ጎተራ ውስጥ ማሽላ ሥር ደብቀውት ነበር። በጨርቅ ጠቅልለው፣ በፌስታል ደግመው፣ እንደገና በጨርቅ አስረውታል። ሲፈቱት ከቆዳው ሽፋን እጥፋት ውስጥ የማሽላ ፍሬ ጠብ አለ።

«ይተዉልንና ነገ መጥተው ይውሰዱት» አልናቸው። «አይሆንም ልጄ፤ ከዓይኔ አይርቅም» አሉ። ውዱእ አድርገው ተመለሱና ከስካነሩ አጠገብ ተቀመጡ። ቅጠሉን የሚገልጡት እሳቸው ሆኑ፣ ቁልፉን የምትጫነው የኛ ልጅ ሆነች። አንዳንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና ያዜሙታል። ልጅቷ ጣቷን አንስታ ትጠብቃቸዋለች። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ በዚያው ድንግዝግዝ ውስጥ መንዙማውን ቀጠሉ። ከሌላ ክፍል ሠራተኛው ሁሉ እየመጣ በሩ ላይ ቆመ። ሥራው ሲያልቅ ኪታባቸውን አቅፈው፣ መርቀውን ሄዱ።

ከጊዜ በኋላ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ያንን በመስኮቱ አሳዩት» አሉ። መስኮት የሚሉት ኮምፒውተሩን ነው።

ያን ጊዜ ግን ፕሮጀክቱ ተዘግቷል። የልጅቷ ኮንትራት አልቋል። ዐጀሚ አንብባ የእያንዳንዱን ኪታብ መግለጫ የምትሞላው እሷ ነበረች። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ለጊዜው የሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ ሞቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩም አብሮ እየወደቀ በመጨረሻ አልነሳ ብሏል። ከሁለቱ ሃርድ ዲስኮች አንዱ አይከፍትም። ሁለተኛው ላይ ምስሎቹ አሉ፤ ስማቸው ግን ቁጥር ብቻ ነው። የሼሁ ኪታብ የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልቀረም።

ሻይ አቀረብንላቸው። ብዙ ጠበቁ። ሲነሱ ምን አሉን? «አብሽሩ» አሉን። የሚያጽናኑት እሳቸው፣ የምንጽናናው እኛ!

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አልፈልግም። ገንዘቡን የሰጡት አካላት ቃላቸውን ጠብቀዋል። ልጆቹ ሠርተዋል። ጥፋቱ ያለው የበጀት አያያዙ ላይ ነው። ፕሮጀክት የመነሻ ቀንና የመዝጊያ ቀን አለው። ኪታቡ ግን መዝጊያ ቀን የለውም። ስካኑ አንዴ ይሠራል፤ ጥበቃው ግን በየዓመቱ ነው። ይህን ሥራ በፕሮጀክት ብቻ መያዝ ጤና ጣቢያ ሠርቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ነርስ ሳይቀጥሩ እንደመሄድ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ በቀለም ሲነሳ፣ ሳይታመቅ 25 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 200 ገጽ ያለው ኪታብ ወደ 5 ጊጋባይት ይጠጋል። በሦስት ቦታ ቅጂ ሲቀመጥ ደግሞ 15። ይህ አንድ ኪታብ ነው። በወሎ ስንት ቤት፣ ስንት ገዳም፣ ስንት ሐድራ እንዳለ እናንተ ከኔ ታውቃላችሁ። የታላላቆቹ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ የጀማ ንጉሥ፣ የዳና፣ የጌታ አገር ነው! ሃርድ ዲስክ ደግሞ ያረጃል። በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፣ ፋይሉም ወደ አዲሱ ይገለበጣል፣ ይመረመራል። ስብስቡን አደራጅተን የምናሳይበት ዲስፔስ የምንለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ የሚያድሰውና የሚጠግነው ባለሙያ ግን ደመወዝ ይበላል።

አይቻልም የሚል ካለ ሩቅ አልወስደውም፤ እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይሂድ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ፎቶ ተነስቷል። የዚያ ሥራ ፊልሞች ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሂል በሚባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፊልሙን ማንሳት አንድ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥር የሚሰጥ፣ የሚመዘግብ፣ ቴክኖሎጂው ሲለወጥ ወደ ዲጂታል የሚያዞር ሰው ተቀጠረለት። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ዐሥርት ዓመታት እዚያ ተቀምጠው ካታሎግ ጻፉ። በስድስት ወር ኮንትራት ቢሆን ኖሮ ያ ካታሎግ ይኖር ነበር?

ታዲያ የሐይቅን ብራና ሚኒሶታ ስትጠብቅ፣ ደሴ የደሴን ኪታብ መጠበቅ ለምን ያቅታታል? ለመኪና ጎማ የበጀት መደብ አለን። ለነዳጅ አለን። ለስብሰባ ውሃና ቆሎ አለን። ሃርድ ዲስክ ስንጠይቅ ግን «ፕሮፖዛል ጻፉና ረጂ ፈልጉ» እንባላለን። የአያቶቻችን ቃል ከመኪና ጎማ ያንሳል እንዴ? በየዓመቱ ለፈረንጅ ደጅ ጥናት የምንወጣው በገዛ ርስታችን ጉዳይ ነው። እኔ ይህ ያመኛል። እናንተንም ሊያማችሁ ይገባል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለት ቋሚ የሥራ መደብ፦ አንዱ ለሰርቨሩ፣ ሌላው ግእዝ ወይም ዐጀሚ አንብቦ መግለጫ ለሚጽፍ ሰው። ዐጀሚን በትክክል የሚያነብልን ማሽን እጃችን ላይ የለም፤ ሰው ያስፈልጋል፣ ሰውም ሞልቷል፣ ተማሪዎቻችን ውስጥ አለ። ከዚያ ለባትሪና ለማከማቻ መተኪያ የሚሆን ቋሚ መስመር።

ሦስተኛው ቅጂ ደግሞ ከወሎ ውጭ ይቀመጥ። ኮምቦልቻ ይበቃል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሁለቱ ከተሞች አብረው እንደተያዙ ረስተውት ነው? የአገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያገናኘውን ኔትወርክ፣ ኢተርኔትን ተጠቅመን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ቅጂ መለዋወጥ እንችላለን። እኛ የእነሱን እንያዝ፣ እነሱ የኛን።

የረጂ ገንዘብ ይቅር አላልኩም። አዲስ ስካን ለመጀመር ይምጣ። ነገር ግን ከእንግዲህ ማንኛውም ፕሮጀክት ሲፈረም፣ ሲዘጋ ሥራውን የሚረከበው የበጀት መስመር አብሮ ይጻፍ። ያ ካልተጻፈ አንፈርም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጥያቄውን በዝርዝር ጽፌ ለዕቅድና በጀት ክፍል አስገብቻለሁ። ግልባጩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የሴኔት አባላት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ አንድ ውሰዱ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ሼሁ ኪታባቸውን እንደገና ሊያመጡልን ፈቃደኛ ናቸው፤ ደውዬ አነጋግሬያቸዋለሁ። ቀኑን እንድነግራቸው እየጠበቁ ነው።

አመሰግናለሁ።