ጠርዝ የሌለው ፔሪዮዲክ ቴብል

የተከበራችሁ የኬሚስትሪ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

በየክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፔሪዮዲክ ቴብል፣ ማለትም የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ፣ የሚያነብ ተማሪ አቶሚክ ቁጥሩ (የፕሮቶኖቹ ብዛት) 10 ከሆነው ኒዮን ሲደርስ ወረቀቱ ያልቅበታል፤ 11ኛውን ሶዲየም ለማግኘትም ዓይኑን እስከ ግራው ዳር ድረስ መመለስ አለበት። በአንድ ፕሮቶን ብቻ የሚበላለጡ ሁለት ጎረቤታሞች በሰንጠረዡ ላይ ከሁሉም የተራራቁ መስለው ይታያሉ። በኒዮን ላይ የኤሌክትሮኖቹ ሼል (ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙበት ንብርብር) መሙላቱ እውነት ነው፤ መስመሩን የቆረጠው ግን ወረቀቱ ነው።

ይህ ቁርጥ ገና ከመነሻው ያልነበረበት ሥራ አለ። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ የ1869ኙን ሰንጠረዥ ከማውጣቱ 7 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1862፣ ፈረንሳዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ቤጉዬ ደ ሻንኩርቷ ንጥረ ነገሮችን በአቶሚክ ክብደታቸው ቅደም ተከተል በሲሊንደር ዙሪያ እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠመዘዘ በሚወርድ መስመር ላይ ደረደራቸው። ዙሪያውን 16 ቦታ ስለከፈለው ክብደቱ 7 የሆነው ሊቲየም፣ 23 የሆነው ሶዲየምና 39 የሆነው ፖታሲየም አንዱ ከሌላው ሥር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ዋሉ። የሚያሳዝነው ጽሑፉ ሲታተም ሥዕሉ መቅረቱ ነው፤ ቅርጹን ያላየ አንባቢ ሐሳቡን ከቃላት ብቻ እንዲረዳ ተፈረደበት። እኛም ሰሌዳ ላይ በቃል ብቻ ስናስረዳ ተማሪዎቻችንን እዚያው ቦታ ላይ እናስቀምጣቸዋለን።

በክፍሌ የማሠራው ቀላል ነው። ተማሪዎቹ የመጀመሪያዎቹን 20 ንጥረ ነገሮች በ8 ዓምድ ጽፈው ወረቀቱን በውሃ ጠርሙስ ላይ ይጠቀልላሉ። ሁለቱን ጠርዞች ትክክል ሲያገጥሟቸው ኒዮን ከሊቲየም አጠገብ ይወድቃል፤ ቁጥሩ እንዳልተከተለ የሚያስተውሉት ራሳቸው ናቸው። የቀኙን ጠርዝ አንድ ረድፍ ዝቅ ሲያደርጉት ግን ሂሊየም ከሊቲየም፣ ኒዮን ከሶዲየም፣ አርጎን ከፖታሲየም ይገጥማል።

ከ21 እስከ 30 ያሉት ደግሞ ከካልሲየም ተነሥቶ ወደ ውጭ ቀለበት ሠርቶ 31ኛው ጋሊየም ቦታ ላይ በሚመለስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋሉ፤ እንደ ጀበና እጀታ ማለት ነው። አሜሪካዊው ሮይ አሌክሳንደር በ1960ዎቹ ያዘጋጀው ሞዴል የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ እንደ ግርጌ ማስታወሻ ከታች ተነጥለው የሚታተሙት ሁለቱ የንጥረ ነገሮች ረድፎች፣ ላንታናይዶችና አክቲናይዶችም፣ በሌላ ቀለበት ወደ ተራቸው ይገባሉ።

ጥቅል ነገር ጀርባውን ስለሚሸፍን ለፈጣን ፍለጋ አይመችም፤ ስለዚህ የግድግዳው ቻርት ይነሣ አልልም። የምጠይቃችሁ ቅደም ተከተሉን እንድትቀይሩ ነው፤ ተማሪው በመጀመሪያ ጥቅሉን ራሱ ይሥራ፣ ከዚያ በመቀስ ቆርጦ ይዘርጋው፣ መቀሱ ያለፈበትን ቦታም በግድግዳው ቻርት ላይ ፈልጎ ያሳያችሁ።

ተማሪዎቼ የሠሯቸውን 3 ጠርሙሶች ይዤ መጥቻለሁ። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ እያዞራችሁ እዩዋቸው። አመሰግናለሁ።