‹ቀሪ› ተብሎ የተጻፈ ስም

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

እሑድ ነው። ስንት የቤት ሥራ ትታችሁ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጣችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሊቀመንበራችን ትንሽ ደቂቃ ሰጥተውኛል። የመጣሁት ስለ አንድ የደንባችን አንቀጽ ልለምናችሁ ነው። ስለ ቀሪ ቅጣት።

ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ክረምት አምስት ለቅሶ ቀርቻለሁ። መዝገቡ ላይ ስሜ ፊት አምስት ጊዜ ‹ቀሪ› ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊያችን አልተሳሳቱም። ደንቡ የሚለውን ነው የጻፉት። ቅጣቱንም ከፍያለሁ።

ታምሜ ነበር። ትኩሳት የለኝም፣ ስብራት የለኝም። ጠዋት ዓይኔ ይገለጣል፣ ሰውነቴ ግን አይነሳም። ነጠላዬ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ አየዋለሁ። አውርጄ መልበስ ያቅተኛል። ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ድንኳኑ መድረስ እንጦጦን የመውጣት ያህል ነበር። ራሴን ያቃጥለኛል። እንቅልፍ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጥሎኝ ይሄዳል። ከሟቾቹ አንዷ እንደ እናቴ የማያቸው ነበሩ። እሳቸውንም አልቀበርኩም።

ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። ሁላችንም ‹ደበረኝ› እንላለን፤ ያ በቡናና በጨዋታ ይለቃል። ይኼኛው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ሰውን ይዞ የሚውል ሕመም ነው። የወደዱትን ያስጠላል፣ ጉልበት ይነሳል፣ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› ያሰኛል።

ታማሚ ላላችሁ ቤተሰቦች ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቀድሞ የሚመጣው የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። እኔ የታዘዘልኝ አሚትሪፕትሊን አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያበዛል። በአሥረኛው ቀን ልጥለው ነበር። ከተሻለን በኋላም ለብዙ ወራት፣ ሐኪሙ አቁሙ እስኪል ድረስ ይቀጥላል። ‹ድነሽ የለ፣ ምን ያደርግልሻል?› አትበሉን። ጸበል እኔም ሄጃለሁ። ክኒኑ ግን በቦርሳዬ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮን ጥራት ለመለካት ያዘጋጀው 26 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ስለ ሕመም ብቻ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። እንቅልፍሽ እንዴት ነው ይላል። ገንዘብ ይበቃሻል? ወዳጆችሽ በሚያደርጉልሽ ድጋፍ ረክተሻል? የምትኖሪበት ቦታስ? ትራንስፖርቱስ?

ትራንስፖርት ላይ ስደርስ የእኛን ሰፈር ያዩ መሰለኝ። ከዚህ መርካቶ፣ አማኑኤል ሆስፒታል፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ታክሲ እየቀያየሩ ነው። ለቀን ሠራተኛ ያ ቀን ያለ ገቢ የሚያልፍ ቀን ነው። ቀጠሮ የሚቀረውን ሁሉ ሰነፍ አንበለው፤ የታክሲ አጥቶ ይሆናል። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ለአእምሮ ሕመም የሠለጠነ ባለሙያ አለ። መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው ጎን ለጎን ያኖረን። በድሮ ሰፈራችን በር ሳይከፈት ከረፈደ ጎረቤት ያንኳኳ ነበር። እዚህ የተዘጋ በር ሥራ የሄደ ሰው ቤት ይመስላል። እኔን ያንኳኩት አንድ እናት ናቸው፣ ከታች ፎቅ። ጀበናቸውን ይዘው ወጡ። ለምን ጠፋሽ አላሉኝም። ጠንክሪ፣ ጸልዪ አላሉኝም። ቡናውን ቀዱልኝ፣ ሲኒውን አጠቡ፣ ‹ነገም እመጣለሁ› ብለው ወረዱ። መጡም። በሦስተኛው ቀን ገላዬን ታጠብኩ። ሐኪም ዘንድ ይዘውኝ የሄዱትም እሳቸው ናቸው።

የቅጣቱ ብር አይደለም የከበደኝ። ያኔ ራሴን የማልረባ አድርጌ ነበር የማየው፤ መዝገቡም ያንኑ የመሰከረብኝ መሰለኝ። ሌላው ታማሚ ደግሞ ቅጣቱ ይከመርበታል፣ ወርኃዊ መዋጮው ያልፈዋል፣ በመጨረሻ ከእድሩ ይሰረዛል። ከሁሉም በላይ ሰው በሚያስፈልገው ጊዜ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አንድ አባል ሦስት ጊዜ ከቀረ፣ ቅጣት ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው በሩን ያንኳኳ። ታሞ ከሆነ ቅጣቱ ይቅር። የሕመሙ ስም በጉባኤ አይነበብ፤ ሊቀመንበሩ ካወቁ ይበቃል። ከካዝናችንም ለቀጠሮ መመላለሻ ትንሽ ይመደብ። ሄዳችሁ ስታንኳኩ ‹መኖር ሰለቸኝ› የሚል ካጋጠማችሁ አትቆጡት፤ ብቻውንም አትተዉት። ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አንቀጹን አሁን ጸሐፊያችን ያነቡታል፤ ከዚያ እጅ ይወጣል። ለእኛ ብሎክ አንዷ አንኳኪ እኔ እሆናለሁ። አብሮኝ ደረጃ የሚወጣ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ስትወጡ ስማችሁን ንገሩኝ።